ክንፍ ያልነበረው ጀግና፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋይንት መንገድ

በዛሬው እሑድ ዕትማችን የምናቀርበው የዐፄ ቴዎድሮስን የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ ምን አዲስ ነገር ይገኝበታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ታሪኩን ለማየት የመረጥነው ቦታ ቋራን ወይም መቅደላን ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፈውን የጋይንትን መንገድ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነን በተማሪዎችና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል የሚሰማ አንድ ክርክር ነው፤ ይኸውም ከሰው በላይ ኃይል ካላቸው ጀግኖች ማን ይበልጣል የሚል ነው።

እንደሚታወቀው፥ የዛሬው ወጣት በሥዕል የሚነገሩትን ታሪኮችና ተንቀሳቃሽ ሥዕሎቹን አጥብቆ ይከታተላል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ያሉት ኃያላን ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ኃይሉን ከትውልዱ ይዞት የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ መታተም የጀመረው ሱፐርማን ክሪፕቶን ከምትባል ከጠፋች ዓለም በሕፃንነቱ ወደ ምድር የተላከ ነው ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያስበው በአደጋ ያገኘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ስፓይደርማን ጨረር የነካው ሸረሪት የነከሰው ተማሪ ነው። ሌላው፥ እንደ ካፒቴን ማርቭል፥ አንድ ቃል በጠራ ጊዜ ከልጅነት ወደ ኃያል ጎልማሳነት የሚለወጥ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚለዩት ግን ምንም የተለየ ኃይል ሳይኖራቸው በሀብታቸው፥ በትምህርታቸውና ባሠሩት መሣሪያ ከኃያላኑ ጋር የሚሰለፉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 የታየው ባትማንና በ1963 የታየው አይረንማን ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። በአገራችንም በቅርብ ዓመታት ጀምበር የሚባል ኢትዮጵያዊ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል ታትሞ ወጥቷል።

እኛም አገር ቢሆን ይህን ዓይነት ነገር ከውጭ አልተማርነውም። አባቶቻችን ገመዱ በተቆረጠባቸው ጊዜ ስድስት ክንፍ የተሰጣቸውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል፥ በአንበሳ ጀርባ ላይ የተቀመጡትን የአቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባን ገድል ሲያነቡ ኖረዋል። (የቅዱሳንን ገድል ከመጫወቻ ጋር ማስተካከላችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል፤ የምንናገረው ሕዝቡ ስለ ኃይል ያለውን አሳብ ነው።) ጥይት እንዳይመታው ክታብ የሚያስር ወታደር፥ በአስማት ከዓይን ይሰወራል እየተባለ የሚፈራ ደብተራም በየአገሩ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ግን በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሲኖር የቆየው አንድ ኃያል ነበረ። እርሱም ገና ያልመጣው ንጉሥ ነው።

ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ፥ ከብዙ መከራና ከክፉ ነገሥታት ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣና በዘመኑ ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ተጽፎ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚሁ ስም የነገሠ አንድ ንጉሥ ነበረ፤ ዘመኑ ከዓመት ያልበለጠ ቢሆንም ስሙ በበጎ ሲነሣ ኖሯል። ስለዚህ ይህ ስም ባለቤቱን የሚጠብቅ ዙፋን ነበረ ማለት ይቻላል።

ስሙን በኋላ የወሰደው ልጅ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፥ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ነበሩ፤ ስሙም ካሣ ተባለ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት እናቱ በድህነት አሳደጉት። በኋላም ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሲሰድቡት ኖሩ። ትምህርቱን የጀመረው በጎንደርና በጣና መካከል በሚገኝ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም በተሠራ ገዳም ነው። ገዳሙ በተወረረ ጊዜ ብዙ ልጆች ሲያልቁ ካሣ አምልጦ ወንድሙ ወደ ነበሩት ወደ ደጃዝማች ክንፉ ገባ። በሥዕል ታሪክ ሕግ ቢሆን ኖሮ ኃይሉን በዚያ ሌሊት ያገኝ ነበር። እርሱ ግን ያገኘው ቂምን፥ ምናልባትም ሕግ የሌለባት አገር ምን እንደምትመስል ማወቅን ብቻ ነው።

ክንፉ በ1831 ዓ.ም ገደማ ሞቱ፤ ካሣም የሚገባውን ግዛት ስለ ተከለከለ በቋራ በረሃ ሸፈተ። በዚህ ዘመን ስለ እርሱ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱን ልናልፈው አንወድም። ካሣ ከዘረፈው ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች እያካፈለ፥ ማረሻ ገዝተው እንዲያርሱ ያደርግ ነበር ይባላል። የአንድ ሽፍታ ስም በገበሬ ቤት በበጎ የሚነሣው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። አንባቢያን ይህን ማረሻ በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ጋይንት ስንደርስ እንመለስበታለን።

በዚያ ጊዜ አገሪቱን በጎንደር ዙፋን ላይ በተቀመጡ ስመ ነገሥታት ስም የሚገዙት የየጁው ራስ ዓሊ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም ደብረ ታቦር ነበረ። እናታቸው እቴጌ መነን ናቸው። ይህን አስቸጋሪ ሽፍታ በጋብቻ ለማሰር ብለው የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ሚስቱን ከልቡ ቢወድም ንቀትን አልታገሠም፤ ደንቢያን ያዘ፥ በ1839 ዓ.ምም እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረከ። በኋላ በዕርቅ ለቀቃቸው።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም ካሣ በምዕራብ ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፆች ጦር ጋር ገጠመ። የካሣ ሰዎች በብዛትም በድፍረትም የሚታሙ አልነበሩም፤ ነገር ግን በመድፍና በሥነ ሥርዓት በሚተኩስ ነፍጠኛ ፊት ረገፉ፥ እርሱም ተሸንፎ ተመለሰ። እኛ እንደሚመስለን የቴዎድሮስን ኋለኛ ሕይወት ሁሉ ከዚህች አንዲት ቀን ጀምሮ መመልከት ይገባል። ጀግንነት መድፍን እንደማያቆም በዓይኑ አይቷልና። ከዚያ ቀን ወዲህ ክታብ ከሚጽፍ ደብተራ ይልቅ ብረት የሚያቀልጥ አንጥረኛ መፈለግ ጀመረ። ሰው በተስፋና በትንቢት ዓይን ሲመለከተው፥ እርሱ ራሱ ግን የሚመለከተው ወደ መሣሪያው ነበረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የድል ታሪክ ፈጣን ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም እዚያው ሞቱ። በሚያዝያ ወር በጎርጎራ ብችኝ የራስ ዓሊን መኳንንት መታ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም በአይሻል ሜዳ ራስ ዓሊን ራሳቸውን አሸነፈ፤ ዘመነ መሳፍንት የተባለው ዘመንም ያን ዕለት እንዳበቃ ይቆጠራል። የቀሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ብለው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም ካሣ ድል ነሣቸውና፥ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ በአቡነ ሰላማ እጅ፥ እርሱ ዘውድ ጫነ።

ለዘውድ ስም የመረጡትም ቴዎድሮስ የሚለውን ነው። (ከዚህ ወዲያ እኛም እንደ ሥርዓቱ በአክብሮት ቃል እንናገራለን።) ይህ ምርጫ እንዲያው የስም ምርጫ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው የነበረውን ኃያል እኔ ነኝ ማለታቸው ነበር። ሌላው ንጉሥ የሚጠየቀው ግብር በማሳነሱና ፍርድ በማስተካከሉ ነው፤ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ግን የሚጠየቀው ተአምር ነው። እርሳቸውም ዕዳውን ዐውቀው የገቡበት ይመስለናል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠሩት ሥራ ቀላል አልነበረም። ባሪያ መሸጥን ከለከሉ። በየመኳንንቱ ቤት የተበተነውን ጭፍራ በአንድ ሥርዓት አድርገው የዐሥር አለቃ፥ የአምሳ አለቃ፥ የመቶ አለቃ፥ የሺህ አለቃ እያሉ ሹመቱን አስተካከሉ። ሸዋንና ወሎን ወደ አንድ መንግሥት አመጡ። ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ የሚኖርበትን ልማድ ለማስቀረትም ደመወዝ ሊከፍሉት አሰቡ። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቢነኩ ካህናቱ ተጣሏቸው፤ ገንዘቡ ስላልተገኘም ወታደሩ ወደ ዘረፋው ተመለሰ። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ ደግ ነው፤ አሳቡ መልካም ነበረ፥ በጀቱ ግን አልነበረም።

በነሐሴ 1850 ዓ.ም እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ንጉሡ ጨካኝ የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለትያትር የሚስማማ ምክንያት ነው። እኛ ግን የአንድን መንግሥት መውደቅ በአንድ ሐዘን ላይ መጫን አይገባም እንላለን፤ ዋናው ምክንያት በየአውራጃው የተነሣው ዐመፅና ያንን ለማጥፋት የሚወጣው ጦር የሚበላው እህል ነበር።

አሁን ወደ ጋፋት እንምጣ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች መንደር ናት። ንጉሡ በዚያ ለወንጌል ስብከት የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች አስቀምጠው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ከእነርሱ መካከል ዋልድማየርና፥ መድፍ በማፍሰስ የታወቀው በትውልዱ ከፖላንድ የነበረው ሞሪትዝ ሆል ይገኙ ነበር። ሰዎቹ መድፍ የመሥራት ልምድ ስላልነበራቸው የመጀመሪያ ሙከራቸው ሳይሳካ ቀረ፤ ንጉሡ ግን እንደገና እንዲሞክሩ እንጂ እንዲተዉ አልፈቀዱም። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ታላቁ መድፍ ተፈሰሰ፤ ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ስመ ጥር በሆነችው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። ደባርቂ ላይ የተጀመረው ምኞት ጋፋት ላይ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው። በሥዕል ታሪኩ አከፋፈል ብንሄድ፥ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ወገን የቆጠራቸው ንጉሥ እዚህ ላይ ከመጨረሻው ወገን ሆነው እናገኛቸዋለን።

ነገር ግን ባትማን ሠረገላውን የሚነዳው በተጠረገ ጎዳና ላይ ነው። ሴባስቶፖል በተፈሰሰ ጊዜ ግን ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚሄድ የመንኰራኵር መንገድ አልነበረም።

የንጉሡ ሁኔታም በዚህ ጊዜ ተለውጦ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ፥ ቆንስሉን ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም፥ ኋላም መልስ ይዞ የመጣውን ራሳምን አስረው ነበር። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታን ዋግሹም ጎበዜ፥ ትግራይን ካሣ ምርጫ ይዘዋል። በ1859 ዓ.ም ጎንደር ራሷ በንጉሡ ወታደሮች ተዘርፋና ተቃጥላ ነበር። ከሰፊው መንግሥት የቀራቸው የበጌምድር ጥቂት ስፍራና የመቅደላ አምባ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ደብረ ታቦርን ትተው፥ መድፋቸውን ይዘው፥ መቅደላ ለመግባት ቆረጡ።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ከተማዋንም አቃጠሏት። በዚያው በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጦር ፊታውራሪዎች በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረዱ። በዚያው ወር ደግሞ ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ በእስር ሞቱ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ይቆማል። በጉና ደቡብ በኩል የእስቴ አገር ነው፤ ዋና ከተማው መካነ ኢየሱስ ይባላል። በምሥራቅ ጋይንት ይዘረጋል፤ ላይ ጋይንት ደጋው ነው፥ ከተማው ንፋስ መውጫ የሚለውን ስሙን በከንቱ አላገኘውም፤ ታች ጋይንት ወደ ቆላው ያዘነብላል፥ ከተማውም አርብ ገበያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወገዳን ይዞ ስማዳ ወደ ሸለቆዎቹ ይወርዳል። ጋይንት በቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤትም የታወቀ ነው፤ ድጓ የተማረ ሰው ምስክርነቱን ለማግኘት ከሩቅ አገር እየመጣ ከዚያ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። በምሥራቅ ጫፍ የጨጨሆ በር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዋድላ ነው። ደጋው ሜዳ መስሎ ሲታይ ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል።

በዚህ አገር ላይ ነው ሴባስቶፖልን የሚያህል ብረት ያለፈው። ቀለል ያለ እግረኛ በቀናት የሚጨርሰው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው መንገድ ወደ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። በመጀመሪያ ዐለቱ በባሩድ ይሰበራል፤ ድንጋዩ ይነሣል፤ ጎድጓዳው በዐፈርና በእንጨት ይሞላል፤ ገደሉ በመጠማዘዣ ይቆረጣል። መንገዱ ጥቂት ከተሠራ በኋላ መድፎቹ በሠረገላ ላይ ሆነው ይሳባሉ፤ ዳገት ሲሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ከፊት ይጎትታሉ፥ ቁልቁለት ሲሆን ያው ሰዎች ከኋላ ይዘው እንዳያመልጥ ይንጠለጠሉበታል። ከዚያም ሰፈሩ ይነሣል፥ ሠራዊቱም ሴቱም ሕፃኑም እስረኛውም ይከተላል፤ በማግሥቱ እንደገና ከፊት ያለው ዐለት ይጀመራል።

ንጉሡ በዚህ ሥራ ላይ የሚያዝዙ ብቻ አልነበሩም። በሠፈራቸው የነበሩት አውሮፓውያን፥ አብዛኞቹ የማይወዷቸው ሰዎች ሆነው ሳለ፥ ይህን መስክረውላቸዋል። ከንጋት እስከ ማታ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፥ ዐፈር ያስተካክሉ ነበር፤ እርሳቸው ቆመው ሳሉ የሚቀመጥ ወይም ሥራውን ጥሎ የሚሄድ አልነበረም። ከዘውዱ ቀን ይልቅ ቴዎድሮስ ለእኛ ታላቅ ሆነው የሚታዩን በዚህ መንገድ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አገራችን የሥራ ሰው፥ አንጥረኛውና ሸማኔው፥ የሚናቅባት ነበረች፤ ንጉሥ በጋይንት መንገድ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው።

ታሪኩን በዚህ ብናቆመው መልካም በሆነልን ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላ ነበር? ደመወዝ የለም፥ ጎተራ የለም፥ ከኋላ የሚመጣ ስንቅ የለም። የሚበላው የበጌምድር ገበሬ ያጨደውን ወይም ገና ሊያጭደው ያለውን ነው። የመስከረምና የጥቅምት ወር በደጋ አገር እህል ያልደረሰበት ወይም ለመድረስ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው፤ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት በዚያ ጊዜ ማሳ ላይ የቆመው ነው። ሠራዊቱ በደረሰበት ማሳው ተበላ፥ ከብቱ ታረደ፥ ቤቱ ተቃጠለ። ገበሬው የተረፈውን እህል እየቀበረ ወደ ገደልና ወደ ዋሻ ሸሸ፤ ከሰፈሩ ተነጥሎ ያገኘውንም ወታደር ይገድል ጀመር። ቋራ ላይ ማረሻ የሰጡት ሰው ጋይንት ላይ የእርሻ በሬ ወሰዱ። በዚህ ጊዜ ከንጉሡ ጋር የነበረው ወታደር ጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚከዳውም ብዙ ነበር።

በሥዕል ታሪክ ውስጥ ኃያሉ ተራራ ሲያነሣ ሒሳቡን የሚከፍል ሰው አይታይም። ከተማ ሲፈርስ ቤቱን መልሶ የሠራው ማን እንደ ሆነ አይሣልም። የጋይንት ዳገት ግን ለእያንዳንዱ ክንድ እንጀራ ይጠይቅ ነበር፤ እንጀራው ደግሞ የአንድ የታወቀ ሰው፥ የአንድ ባለ ማሳ ነበረ። ስለ ቴዎድሮስ ስንከራከር ሁልጊዜ ጀግና ነበሩ ወይስ ጨካኝ እንላለን። በጨጨሆ መንገድ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ ቀን፥ በአንድ ሥራ ውስጥ ይገኛሉ፤ ድንጋዩን የሚያነሣው እጅና እህሉን የሚያስነጥቀው ትእዛዝ የአንድ ሰው ናቸው።

ከጨጨሆ ወዲያ መንገዱ ወደ ቤተ ሖር ያመራል፤ ቀጥሎም ዋናው ፈተና መጣ፤ ይኸውም 1,000 ሜትር ያህል የሚወርደውና መልሶ የሚወጣው የዝጣ ሸለቆ ነው። በዚያም ንጉሡ በገደሉ ላይ መንገድ አስቆርጠው መድፎቹን አወረዱ፥ በዳውንት በኩልም አወጡ፤ ከዚያ የበሽሎን ገደል አልፈው በመጋቢት ወር ከመቅደላ ሥር ደረሱ። ሴባስቶፖልም ደረሰ። በሥራው አድካሚነትና በቆራጥነቱ ከዚህ የሚተካከል ሥራ በዚያ ዘመን በአገራችን መሠራቱን አናውቅም፤ የጠላት ጦር ጸሐፊዎች ሳይቀሩ መንገዱን ባዩ ጊዜ አድንቀዋል።

ጸሐፊዎቹ መንገዱን ሊያዩት የቻሉት ግን በእርሱ ላይ ስለ ሄዱ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ 13,000 የሚሆን ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል በሦስት ወር ውስጥ ሲገሠግሥ፥ ዝጣ ላይ በደረሰ ጊዜ ንጉሡ ያስቆረጡትን መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘው፤ በእርሱም ወረደ። ከዝሆኖቹ ይልቅ ግን ለእንግሊዞች የጠቀማቸው ሌላ ነገር ነበር። በሚልዮን የሚቆጠር የማርያ ቴሬዛ ብር ይዘው ስለ መጡ እህሉንና ገለባውን ከገበሬው ይገዙ ነበር፤ የትግራዩ ካሣና የላስታው ጎበዜም አሳለፏቸው። ንጉሡ ከጋይንት ገበሬ በግድ የወሰዱትን ዓይነት እህል፥ ባዕዱ ከሌላው ገበሬ በብር ወሰደ። ያ ብር ከመድፉ ሁሉ የበለጠ ኃይል ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመጨረሻውን ሁሉም ስለሚያውቀው በአጭሩ እንለፈው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፥ በስቅለት ዓርብ፥ በአሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ወደቁ፤ ከእርሳቸውም ጋር ወደ 700 የሚሆን የኢትዮጵያ ወታደር እንደ ሞተ ይገመታል። እንግሊዞች የሞቱባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ጠላት ወደ አምባው ሲገባ ንጉሡ እጃቸውን ላለመስጠት፥ ቀደም ሲል ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። አምባው ተዘረፈ፤ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ፤ ቤቶቹም ተቃጠሉ።

ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በኅዳር 1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ ሞተ፤ መቃብሩም በዊንድሶር ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም ከንጉሡ ራስ ላይ ተቆርጦ የተወሰደው ፀጉር ለንደን ከሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው የመኪና መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራ ነው። በዚህ መንገድ በመኪና የሚያልፍ ሰው የጋይንትን ደጋ በጥቂት ሰዓት ያቋርጠዋል። ቅጁ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ሴባስቶፖል ግን ራሱ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። እንግሊዞች ያን ሁሉ ጭነት በዝሆን ሲያወርዱ እርሱን ትተውት ሄደዋል።